የጨው ጾማችን

ልጄ መታመሟን ያወቅሁት ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ብሎኝ ካበቃ በኋላ ነው።

ጥር መጨረሻ ላይ ነበር፤ እንጅባራ ፈረሰኞቿን አስጊጣ እንግዳ የምትቀበልበት ሰሞን። ቤታችን ከዘንገናም ከአዲስ ቅዳምም በመጣ ዘመድ ሞልቷል። የገባው ሁሉ የስድስት ዓመት ልጄን ጉንጭ ቆንጠጥ እያደረገ "ምን አብልተሻት ነው?" ይላል። "ከዓይን ያውጣት" የሚልም አለ። እኔም መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት ያለኝ ሴት ነኝና ሙገሳውን ያለ ምንም ይሉኝታ ተቀበልኩ። እርግጥ ጠዋት ጠዋት ዓይኗ አልገለጥ ይላት ነበር፤ እንቅልፍ ስለጠገበች ነው አልኩ። ካልሲዋን ስታወልቅ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ዙሪያውን ቦይ ይቀር ነበር፤ ካልሲው መናኛ ስለሆነ ነው አልኩ። ጫማዋ እምቢ ሲላት አንድ ቁጥር ጨምሬ ገዛሁላት፤ በዚያም ኮራሁ። ልጇ በበሽታ ስታብጥ አዲስ ጫማ እየገዛች የኮራች ሌላ እናት ካለች ትምጣና እንተዋወቅ።

ነገሩን የደረሰበት ባለቤቴ ነው። ባጃጅ ነው የሚነዳው። አንድ እሑድ በራችን ላይ የባጃጁን ጎማ ሲፈትሽ ልጅቷ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ታየዋለች። ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገና እንደ ጨዋታ የእሷንም ቅልጥም ጫን አድርጎ ለቀቀ። ጎማው ወዲያው ተመልሶ ነበር። የልጄ ቅልጥም ግን ጎድጉዶ ቀረ። ትንሽ ዝቅ ብሎ ሌላ ቦታ ጫነ፤ ያም ጎድጉዶ ቀረ። ልጅቷ ጣት የሚያትም እግር ስላላት ደስ ብሏት ትስቃለች። እሱ ግን ቀና ብሎ ሲያየኝ ፊቱ ተለዋውጧል። "ይህ ውፍረት አይደለም" አለኝ። "ውሃ ነው።"

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍረን ዳንግላ ወረድን። የሕፃናት ሐኪሟ በዕድሜ ከእኔ የምታንስ፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። የልጄን ሽንት አስመረመረች፣ ደሟን አስመረመረች፣ ከዚያ ወረቀት ላይ ሁለት ባቄላ የሚመስል ነገር ሥላ አስረዳችን። ኩላሊቷ ደሟ ውስጥ መቅረት ያለበትን ፕሮቲን በሽንት እየለቀቀው ነው። ሰውነቷ ውሃ የያዘው በዚህ ምክንያት ነው። ኪኒን አለው፤ ለአብዛኞቹ ልጆች ይሠራል።

"ለቀሩትስ?" አልኳት።

"ካልሠራ አዲስ አበባ ትሄድና ከኩላሊቷ ናሙና ይወሰዳል። እዚያ ሳንደርስ አንጨነቅ።"

እሷ አልተጨነቀችም። እኔ ግን ከዚያች ወንበር ሳልነሳ አዲስ አበባ ደርሼ፣ ልጄን አስቀድጄ፣ አልቅሼ ተመለስኩ።

ሁለት ነገር አዘዘችን። አንደኛው፣ ጠዋት ጠዋት የልጅቷን ሽንት በቀጫጭን የመመርመሪያ ወረቀቶች እንድናይ። የወረቀቷ ጫፍ ቢጫ ሆና ከቀረች ደህና ነው። አረንጓዴ ከሆነች ፕሮቲኑ እየፈሰሰ ነው። ቢጫው ሦስት ቀን በተከታታይ ሲታይ ነው በሽታው ለቀቃት የሚባለው። ዓመቱን ሙሉ ዝናብ በማያጣ አገር እየኖርኩ አረንጓዴ ቀለም የጠላሁት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ሁለተኛው ትእዛዝ ጨው እንዳትቀምስ ነበር። ጨው ውሃውን ሰውነቷ ውስጥ ያስቀርባታል።

የስድስት ዓመት ልጅን ጨው ከልክላችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። በመጀመሪያው ቀን ሽሮውን ቀምሳ በሁለት እጇ ገፋችው። በሁለተኛው ቀን "ሙያሽ ጠፋብሽ?" አለችኝ። ለባለ ምግብ ቤት! በሦስተኛው ቀን አልበላም ብላ ከአልጋ ሥር ገባች፤ ኪኒኑን ደግሞ በባዶ ሆድ መስጠት አይቻልም። እኔ የጫግኒ ልጅ ነኝ፤ የቆላው ሙቀት ደሜ ውስጥ ቀርቷል ይላል ባለቤቴ ስቆጣ። ያን ቀን አልጋውን ከነፍራሹ ላነሳው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ያዳኑን አማቴ ናቸው። ወሬውን ሰምተው ከዘንገና አንድ ዶሮና አንድ ማዳበሪያ ድንች አስይዘው መጡ። ሲመክሩ በአማርኛ፣ ሲቆጡ በአዊኛ ነው የሚናገሩት። እኔም አዊኛቸውን ባልሰማም ከድምፃቸው የቱ ጋ እንደደረስን አውቃለሁ። ሐኪሟ ያለችውን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ኩላሊቱን እንደ ነገሩ አለፉት። ጨው ላይ ሲደርሱ ግን ቀና አሉ።

"እና ጾም ነዋ" አሉ።

"ኧረ እማማ፣ የሐኪም ትእዛዝ ነው።"

"ከምግብ ተለይቶ ሲከለከል ምን ይባላል ታዲያ? ጾም ነው። ጾም ከሆነ ደግሞ ልጅቷ ብቻዋን አትጾምም። ቤቱ ሁሉ ይጾማል።"

ተነሡና የጨው ዕቃችንን ከመደርደሪያው አንስተው ለጎረቤት ሰጡ። ከዚያ አልጋው ሥር አጎንብሰው፣ ከዛሬ ጀምሮ ትልቅ ሰው ሆናለችና ከእኛ ጋር እንድትጾም ነገሯት።

ልጄ ተንፏቃ ወጣች። ለካ ይቺ ልጅ እኛ ስንጾም "አንቺ ገና ነሽ" እየተባለች እንቁላል ሲሰጣት ሲከነክናት ኖሯል። ያን ቀን ጨው የሌለውን ሽሮ ጥርግ አድርጋ በላች። እኔ በልመናም በቁጣም በሦስት ቀን ያላደረግሁትን እሳቸው በአንድ ቃል አደረጉት። ትንሽ ቀናሁ ብል አልዋሽም። ጾሙን ሊጠብቁም እዚያው እኛ ጋ ከረሙ።

ችግሩ እኛ ጋ ነበር። ልጅቷ የጾም ፖሊስ ሆነች። ማታ ከሥራ ስንገባ በር ላይ ቆማ አፋችንን ታሸትታለች፤ ጨው ይሸት ይመስል። እኔ ደግሞ ምግብ ቤት ነው የምውለው። ወጥ ሳልቀምስ ለደንበኛ አላቀርብም፤ መቅመስ ሥራዬ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በማንኪያ ጫፍ ቀመስኩ። በሁለተኛው ሳምንት በእንጀራ ነበር የምቀምሰው። በሦስተኛው ሳምንት እጄን ታጥቤ፣ ወንበር ስቤ፣ ተቀምጬ ቀመስኩ። ቤት ስገባ ታዲያ ዓይኔን በጨው ታጥቤ "እኔ እንኳን ለመድኩት" እላለሁ። ባለቤቴም "ሳይሻል አይቀርም እኮ፣ ቀለል ይላል" እያለ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ይነሳል። ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ሲነዳ የዋለ ሰው በሁለት ጉርሻ ሲጠግብ ምን እንደበላ መጠየቅ ነበረብኝ። ግን ጠያቂ ተጠያቂ መሆኑ አይቀርም ብዬ ዝም አልኩ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወረቀቷ ቢጫ ሆነች። በማግስቱም ቢጫ። በሦስተኛው ቀንም። ውሃው ሲወጣ እግሯ እንደ ድሮው ቀጠነ፤ ያኔ ደግሞ እነዚያው ዘመዶች "ምነው ከሳች? አታበሏትም እንዴ?" አሉኝ። አንዷን አፏን በምን እንደዘጋሁት እዚህ አልጽፈውም።

ኪኒኑ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ለወራት ይቀጥላል፣ ጨውም እስከዚያው አይለቀቅም ተባልን። ዐቢይ ጾም ገባና ቤታችን በጾም ላይ ጾም ደረበ። ፋሲካ ሲደርስ ጨው የሌለው ዶሮ ወጥ ሠራሁ። ስለሱ ባናወራ ደስ ይለኛል።

ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ልጄ ዓይኗ ሳይገለጥ ተነሳች። ወረቀቷን ነከርኩ። ቀለሟ እስኪወጣ ጊዜ አልፈጀም፤ አረንጓዴ ሆነች። እዚያው ሽንት ቤቱ በር ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ፍርሃቴ ወደ ቁጣ ዞረ፤ የእኔ ፍርሃት ሁልጊዜ ማረፊያው እዚያ ነው። አንድ ሰው ለልጄ ጨው እየሰጣት ነው አልኩ።

ቤቱን ፈተሽኩት። ፍራሽ ገለበጥኩ፣ የዱቄት ጣሳ ውስጥ እጄን ሰደድኩ፣ ባጃጁንም አልማርኩትም። ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ጨው አወጣሁ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት ባለቤቴን፣ አፍንጫው ሥር ይዤ።

"ለጉሮሮዬ ነው" አለኝ። "ልጉመጠመጥበት።"

"ጉሮሮህ ቲማቲም ይወዳል?" ጋዜጣው ላይ የቲማቲም ፍሬ ተጣብቆ ነበር። ጎረቤት የሚሰማው ድምፅ አውጥቼ ልጄን ጨው አብልተሃታል ብዬ ያዝኩት። አላበላሁም ይላል፤ እኔ አልሰማም።

"እሱን ተይው" አሉ አማቴ ከውስጥ። ድንች እየላጡ ነበር፤ እጃቸውን እንኳ አላቋረጡም። "እኔ ነኝ የሰጠኋት።"

"ምን አሉኝ እማማ?"

"ከፋሲካ ጀምሮ። ድንቿ ላይ ትንሽ ነስነስ አደርግላታለሁ።" ገርሟቸው አዩኝ። "ምነው? ሃምሳው ገብቶ የለ እንዴ? በሃምሳው ረቡዕ አይጾም፣ ዓርብ አይጾም። ጌታ በተነሣበት ወራት ሕፃን አስጹሜ ኃጢአት ልግባ?"

እውነቴን ነው፣ ለአንድ አፍታ ትክክል መሰሉኝ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት መጾም ክልክል መሆኑን ማንም ያውቃል። ጾም ነው ብለው ካስገቡት፣ መፍቻው ሲደርስ መፍታታቸው ምን ያስደንቃል? እኛም ጾም ነው ስንላት ሦስት ወር ከረምን እንጂ መቼ አርመናቸው እናውቃለን።

ያን ሁሉ ያሰብኩት ግን በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት አፌ ቀደመኝ። "ልጄን ሊገድሉብኝ ነው የመጡት?" አልኳቸው።

ድንቹን አስቀመጡ። በአዊኛ እስኪቆጡ ጠበቅሁ፤ አልተቆጡም። ነጠላቸውን አጣፍተው ጫማቸውን ሲፈልጉ ልጅቷ እግራቸው ላይ ተጠመጠመች። በአዊኛ ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር አሏትና አስለቀቁ። ባለቤቴ በባጃጁ ዘንገና አደረሳቸው። ተመልሶ እሳቸው የጀመሩትን ድንች ልጦ ጨረሰ። ከዚያ ይልቅ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ዳንግላ ስንደርስ ሐኪሟን ከሰላምታ በፊት "ጨው በልታ ነው" አልኳት፤ የማን ጥፋት እንደሆነም ለመንገር አፌን ከፍቼ ነበር።

"ከዚያ በፊት ጉንፋን ይዟት ነበር?" አለችኝ።

ይዟት ነበር። የፋሲካ ሳምንት አፍንጫዋ ሲፈስ፣ ስትስል ነበር የሰነበተችው።

"ብዙ ጊዜ በሽታውን የሚቀሰቅሰው እንዲህ ያለ ጉንፋን ነው። ጨው እብጠቱን ያባብሰዋል እንጂ በሽታውን አይመልሰውም። ቤት ውስጥ ጉንፋን የያዘው ሌላ ሰው ነበር?"

ባለቤቴ ጣሪያውን አየ። ጉንፋኑ መጀመሪያ የያዘው እኔን ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ አፍንጫዬን በመሐረብ እየያዝኩ ልጄን አቅፌ ነው የተኛሁት፤ ብርድ እንዳይነካት ብዬ።

ልናገር ስል ልጄ ቀደመችኝ። "ዶክተር" አለች፣ "እማዬም ጾሙን ትበላለች። ምግብ ቤት ስሄድ በመስኮት አይቻታለሁ። አባዬም ይበላል።"

ሐኪሟ የምን ጾም እንደሆነ ስትጠይቅ ባለቤቴ ከሥር ጀምሮ አስረዳት፤ የጨው ዕቃውን፣ አፍ ማሽተቱን፣ ሃምሳውን። በእጇ አፏን ሸፍና ሰማችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "እርስዎ እኮ ጨው መብላት ይችላሉ" አለችኝ። "የከለከልኩት እሷን ብቻ ነው።"

ሳቃችን ግን ቶሎ ነው የቆመው። ኪኒኑ እንደ አዲስ በሙሉ መጠኑ ተጀመረ። በአራት ሳምንት ውስጥ ቢጫ ካልሆነ አዲስ አበባ ትሄዳለች አለችን። ወደ እንጅባራ ስንመለስ በሚኒባሱ መስኮት የሚታየው ሁሉ አረንጓዴ ነበር።

ያንን ጊዜ ዕድሜ ልኬን አልረሳውም። በየማለዳው ወረቀቷን እነክራለሁ፤ አረንጓዴ። ኪኒኑ ልጅቷን አስርቦ ያነጫንጫታል፤ ሌሊት ሳይነጋ ምግብ አምጡ ትላለች፣ ያመጣንላትን ደግሞ ጨው የለውም ብላ ትገፋለች። "ጾም ነው እኮ" አልኳት አንድ ቀን።

"አይደለም" አለችኝ። "አያቴ ከሌለች ጾም አይደለም። ክልከላ ነው።"

እኔ እውነቱን ስለነገርኳት ልጄ እንጀራ አልበላም አለች። አማቴ የተሳሳተውን ነግረዋት ሦስት ወር ሙሉ እየሳቀች በላች። ሰው ቤት ሄጄ ይቅርታ መጠየቅ ከሞት የሚከብደኝ ሴት ነኝ፤ ስለዚህ ነገ እሄዳለሁ እያልኩ ቀን ቆጠርኩ። በልቤ ግን ምክንያቴ ሌላ ነበር። ልጅቷ ሳይሻላት ብሄድ፣ ያንን የተናገርኩትን ቃል ይዤ ፊታቸው መቆም ፈራሁ።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ወረቀቷን ልጄ ራሷ ነከረች። እኔ በሩ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆሜያለሁ፤ ማየት አስጠልቶኝ ነበር።

"ቢጫ" አለች።

"አትቀልጂ።"

"ቢጫ ነው አልኩሽ!"

ነጥቄ አየሁት። ፀሐይ ላይ አወጣሁት። ባለቤቴ ተቀብሎኝ ከማሸጊያው ላይ ካለው ቀለም ጋር አስተያየ፤ ከዚያ ወረቀቷን እንደያዘ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ይህን ሰው ከተጋባን ጀምሮ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም አለቀስኩ። ልጅቷ ሁለታችንንም ግራ ገብቷት እያየች ቁርስ ጠየቀች።

ምግብ ቤቱን ሳልከፍት ሦስታችንም ባጃጅ ላይ ወጣንና ዘንገና ሄድን። መንገዱን ሙሉ ይቅርታዬን ስለማመድ ነበር። "ተቆጥቼ ነው" ልበል? እሱን ያውቁታል። "ጥፋቱ የኔ ነበር" ልበል? እሱ እውነት ስለሆነ አፌ ላይ ይከብዳል። መኪና መንገዱ ሲያልቅ ወርደን ከብት በሚወርድበት እግር መንገድ አቀናን። ልጄ ቀድማን ሮጠች።

ስንደርስ አማቴ በራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸው የተቀቀለ ድንች በሰፌድ ቀርቦ ነበር። ልጅቷ ጭናቸው ላይ ወጥታለች።

"ቢጫ ሆነ አለችኝ" አሉ፣ እኔን ሳይሆን ልጃቸውን እያዩ። "ስንተኛ ቀኑ ነው?"

"ዛሬ ገና ነው፣ እማ።"

"ሦስት መሆን አለበት።" ለካ ሁሉንም ይዘውታል።

"እማማ" አልኩ። የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋብኝ። "ጉንፋኑን ያስያዝኳት እኔ ነኝ። ያ ያልኩዎት... ይቅር ይበሉኝ።"

"ጉንፋን ደግሞ የማን ተብሎ ነው?" አሉ። ሰፌዱን ገፋ አድርገው አስጠጉልኝ። "ብዪ።"

አንዱን ድንች አንስቼ ጎረስኩ። ጨው የለውም። ባለቤቴም ጎርሶ ቆም አለ። ዙሪያውን አየሁ፤ የጨው ዕቃም በርበሬም የለም። እነዚያን ሁሉ ቀናት፣ ማንም በማያያቸው ቤት፣ ብቻቸውን እንደዚያ ሲበሉ ነበር።

"እማ" አላቸው ባለቤቴ ቀስ ብሎ። "ሃምሳው እኮ አላለቀም።"

"አውቃለሁ።"

"በሃምሳው መጾም..."

"ኃጢአት ነው" አሉ። ትኩሱን ድንች ልጠው እፍ እፍ አሉበትና ለልጄ ሰጧት። "እኔው ላይ ይቆጠር።"

ሁለተኛውን ድንች ብዪ ሳልባል አነሳሁ። ያቺ ቀን የጨው ጾም የጾምኩባት የመጀመሪያዋ ቀኔ ናት።